ግብር ማስገባትና ግብር ማብላት፦ የሀብት ትዕይንትና የመረዳዳት ግዴታ በኢትዮጵያ ታሪክ

በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ



ገለጻዬን ከአንድ ቃል ልጀምር። «ግብር» የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ነገሮችን ይሰይማል። ባላገሩ ከምርቱ ለገዥው የሚያስገባው እህል፣ ማር፣ ከብትና ገንዘብ ግብር ይባላል። ገዥው በአዳራሹ ሠራዊቱንና ሕዝቡን ሰብስቦ የሚያበላው ታላቅ ድግስም ግብር ይባላል። አንዱ ግብር ይገባል፤ ሌላው ይበላል። በእኔ እምነት በዚህ አንድ ቃል ውስጥ የሀገራችን የሀብትና የሥልጣን ታሪክ ታጥፎ ተቀምጧል።

ስለ ሀብት ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ ሰዎችን በሁለት ጎራ እንከፍላለን፤ በአንድ ወገን ሀብቱን የሚያሳይ፣ በሌላ ወገን ሀብቱን የሚያካፍል። የኢትዮጵያን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ግን ይህ አከፋፈል ብዙ አያራምደውም። ለረዥም ዘመን ሀብትን የማሳያው ዋነኛ መንገድ ማብላት ስለነበር፣ ቸርነትና ትዕይንት በአንድ መሶብ ዙሪያ አብረው ተቀምጠው ኖረዋል። ስለዚህ ዛሬ የማቀርበው መከራከሪያ የሚከተለው ነው፤ ባልተመጣጠነ ማኅበረሰብ ውስጥ ወሳኙ ጥያቄ ባለጸጋው ሰጠ ወይስ አልሰጠም የሚለው ብቻ አይደለም። የተቸገረው ሰው ድርሻውን በመብት መጠየቅ ይችል ነበር ወይ የሚለውም ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የተሠራውን አዳራሽ እናስብ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ቀን በየተራው ይስተናገድበት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱና መኳንንቱ በመጋረጃ ተከልለው አስቀድመው ይመገባሉ፤ ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና ወታደሩ፣ ቀጥሎም ዝቅተኛው ሰው እየተፈራረቀ ይገባል። አጋፋሪው ማን እንደሚገባና የት እንደሚቀመጥ ይወስናል። የጠጁ ዓይነትና የሥጋው ብልት እንደ ማዕረጉ ይለያያል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ሆዱን ሲሞላ የራሱንም የደረጃ ልክ አብሮ ይማራል። ድግሱ መብል ነው፤ የመንግሥቱ ሥዕላዊ መግለጫም ነው።

የግብር አዳራሹን ግን ባዶ ጉራ አድርጎ መመልከት ስሕተት ይሆናል። ከገባው እህልና ከብት የተወሰነው በዚያ በኩል ይመለስ ነበር። ደመወዝ በገንዘብ በማይከፈልበት ዘመን ድግሱ የወታደሩ ቀለብና የታማኝነት ማሰሪያ ነበር። ጥያቄው ወደ ማን ይመለሳል የሚለው ነው። ግብሩን የሚያስገባው በሩቅ ያለው ገበሬ ነው፤ ግብሩን የሚበላው በአብዛኛው በአዳራሹ አቅራቢያ ያለው ወታደርና ሎሌ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገራችን ሹመትን ከመብላት ጋር ማስተሳሰሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም።

ይህ ሥርዓት ከባድ ፈተና የገጠመው በክፉ ቀን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 በነበረው ታላቅ ረሀብ ነው። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የእርሻ በሬዎችን ፈጀ፤ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተከተሉ። የሕዝቡ ሲሶ አለቀ የሚለው ግምት በየጽሑፉ ቢደጋገምም በቆጠራ የተደገፈ አይደለም፤ የእልቂቱ ስፋት ግን አያጠራጥርም። ምኒልክ ጎተራ አስከፍተው እህል እንዳከፋፈሉ፣ በሬ ስለጠፋም ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለመኳንንቱ አርአያ እንደሆኑ ተዘግቧል። ይህም ትዕይንት ነው፤ ነገር ግን ኃያሉ ሰው ራሱን ከፍ ያደረገበት ሳይሆን ዝቅ ያደረገበት ትዕይንት ነው። ከዚህ የበለጠ ትኩረት የሚገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1892 የተደነገገው የአሥራት ሥርዓት ይመስለኛል። የድንጋጌው ዓላማ ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተመራ ቀለቡን እንዳሻው ከመብላት ተገትቶ፣ በታወቀ መጠን ከሚሰበሰብ እህል እንዲቀለብ ነበር። አፈጻጸሙ ብዙ ጉድለት ነበረበት። ቢሆንም ከዶማው ይልቅ ድንጋጌው ይበልጣል እላለሁ፤ ዶማው የአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ሲሆን ድንጋጌው ገበሬው «ከዚህ በላይ አልጠየቅም» ሊል የሚችልበትን ወሰን አበጅቷልና።

ወደ ሃያኛው ክፍለ ዘመን እንለፍ። ቢሮክራሲው ሲስፋፋና ደመወዝ በገንዘብ መከፈል ሲጀምር የግብር አዳራሹ ቀስ በቀስ የቀድሞ ሥራውን አጣ። ግብር ማስገባት ቀጠለ፤ ግብር ማብላት ግን የተጋበዙ እንግዶች ግብዣ ሆነ። የቃሉ ሁለት ትርጉሞች ተለያዩ። በ1965 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው እልቂት የዚህን መለያየት ዋጋ አሳየን። የሟቾቹ ግምት ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሀብ በሚያትት መጽሐፉ እንዳሳየው፣ በዚያን ጊዜ በሀገር ደረጃ የምግብ አቅርቦት በከፍተኛ ደረጃ አልቀነሰም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ብዙ አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ የወጣ እህል ነበር። የጠፋው የገበሬው የመግዛትና የመጠየቅ አቅም ነው። ባለርስቱ ከጭሰኛው ድርሻውን የሚጠይቅበት ደንብ ነበር፤ ጭሰኛው ከመንግሥት የሚጠይቅበት ደንብ ግን አልነበረም።

የዚህ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ የሆናችሁ ሁሉ ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። ረሀቡ በይፋ በሚካድበት ሰዓት ወደ ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው በመመለስ በግቢያቸው ያሳዩት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ። ቀጥሎ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ደርግ ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አቀናብሮ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ባወረደበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ለሕዝብ አሳየ።

ይህን ቅንብር ለተማሪዎቼ ሳስተምር ሁለት ነገር እንዲያስተውሉ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ቅንብር ራሱ ክርክር ነው፤ የተለያየ ጊዜ ምስሎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የአንድ ቀን ታሪክ ያስመስላል። ለምሳሌ የንጉሠ ነገሥቱ 80ኛ የልደት በዓል የተከበረው ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ሲሆን ረሀቡ እጅግ የከፋው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ቅንብሩ ያን ያህል የሠራው ተመልካቹ የጥንቱን የግብር ውል በልቡ ይዞ ስለነበር ነው። የተቆጣው ንጉሥ ደገሰ ብሎ አልነበረም፤ ንጉሥ መደገስ አለበት። የተቆጣው ግብር ያስገባው ሰው በር ላይ ሲሞት መጋረጃው ሳይገለጥ በመቅረቱ ነው።

ያንን ፊልም ለፖለቲካ የተጠቀመው መንግሥት ራሱ ከአሥር ዓመት በኋላ በዚያው ወጥመድ ወደቀ። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ባሸበረቀች አዲስ አበባ ሲከበር፣ በኮረምና በአካባቢው ሰዎች በመጠለያ እያለቁ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ኃላፊ የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ በኋላ በጻፉት መጽሐፍ ይህንን ተቃርኖ በሰፊው ተርከዋል። ዓለም ጉዳዩን በስፋት ያየው ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ በተላለፈው ዘገባ ነው። መሬት ለአራሹ ታውጇል፤ ባለርስት የለም፤ ነገር ግን የተራበው ሰው አሁንም የሚጠይቅበት መድረክ አልነበረውም። የትዕይንቱ ባለቤት ተለወጠ እንጂ የመጠየቅ መብት አልተወለደም።

ታዲያ በታሪካችን በመብት የሚጠየቅ መረዳዳት የት ነበር? እንደ እኔ አመለካከት ቅርባችን ያለው ምሳሌ ዕድር ነው። በዕድር የባለ ፎቁም የቀን ሠራተኛውም ወርኃዊ መዋጮ እኩል ነው፤ ሐዘን ሲደርስም ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና የተወሰነው ገንዘብ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ይደርሳቸዋል። ተቀባዩ እጅ አይነሣም፤ «ደንቡ ይከበርልኝ» ይላል። እርግጥ ነው፣ እኩል መዋጮ ለድሃው ይከብዳል፤ መክፈል ያልቻለውም ከመዝገብ ይሰረዛል። ሆኖም በዚህ ተቋም ውስጥ ሰጭና ተቀባይ አንድ ሰው መሆኑን ልብ በሉ። በመንግሥት ደረጃ ደግሞ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በየዓመቱ ከሚለመን የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ወደ ታወቀና ሊጠበቅ ወደሚችል ድጋፍ ለመሸጋገር ተሞክሯል። በለጋሾች ገንዘብ ላይ መመሥረቱና ተረጂን የመለየቱ ሥራ ማከራከሩ ባይቀርም፣ የሐሳቡ አቅጣጫ ከአሥራት ድንጋጌ ጋር ይዛመዳል፤ በጎ ፈቃድን ወደ ደንብ ማሸጋገር።

ዛሬ በከተሞቻችን የሰርግ አጀብ፣ የመኪና ሰልፍና የግብዣ ወጪ ሲታይ ብዙዎች ያዝናሉ፤ ኀዘኑ ተገቢ ነው። እኔን ግን የበለጠ የሚያሳስበኝ እርዳታው ራሱ ትዕይንት ሲሆን ነው። በበዓል ዋዜማ ዘይትና ዱቄት የያዘች እናት ከሰጭው ጎን ቆማ ፎቶ ስትነሣ፣ አጋፋሪው በካሜራ ተተካ እንጂ አዳራሹ አልፈረሰም። ዘይቱን አትስጡ አልልም፤ ለበዓሉ ያስፈልጋታል። ነገር ግን በሚቀጥለው ወር ዘይት ብታጣ ለማን አቤት ትላለች ብለን ካልጠየቅን፣ የሰጠነው የአንድ ቀን ግብር ብቻ ይሆናል።

በመጨረሻ ለተማሪዎች አንድ አደራ አለኝ። ዜና መዋዕሎቻችን ድግሱን ሲያወሱ ማን እንዳበላና ማን የት እንደተቀመጠ ይነግሩናል፤ እህሉን ያስገባውን ገበሬ ስም ግን አይነግሩንም። በአንጻሩ በየሰፈሩ የዕድር መዝገቦች አሉ፤ የተራ ሰዎች ስም፣ የከፈሉት ገንዘብ፣ የጠየቁትና የተፈቀደላቸው በየገጹ ሰፍሯል። ብዙዎቹ በጸሐፊዎች ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ ሰፈር በፈረሰ ቁጥር ይጠፋሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ከዚያ ጀምሩ።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።