ሳይፋቱ ተለያይቶ መኖር

በሰማንያ የተጋቡ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሚስት ልብሷን ቋጥራ ወደ ወላጆቿ ቤት ትገባ ነበር። ሽማግሌ ይላካል፤ እርቅ ካልወረደ ንብረት ተቆጥሮ፣ ከብትና እህል ተካፍለው ይፋታሉ። እስከዚያ ግን ባለትዳር ናት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ተወ። በፌዴራል ደረጃ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሥልጣኑን ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ ተጋቢዎች ተስማምተው ለየብቻ እንዲኖሩ ቢፈቅድም ይህ ጋብቻውን አያፈርሰውም። በመለያየትና በፍቺ መካከል ያለው ልዩነት ከባድ ነው፤ የጋራ ንብረት መብት የሚንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው። ጉዳዩ ቅጽ ሲሞላም ይነሳል፤ ለምሳሌ የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ «በሕግ የተለያየ» የሚል ምርጫ አለው። ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቤት ለይቶ የሚኖር ሰው በዚህ ውስጥ አይገባም፤ «ያገባ» ብሎ ይሞላል፣ በቃለ መጠይቁ ከተጠየቀም ተለያይቶ እንደሚኖር በግልጽ ይናገራል።