ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያሞቀው የአክሲዮን ገበያ፦ ዕድገት ወይስ አረፋ?

በቅርቡ አንድ እሑድ ማታ ቨርጂኒያ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ነርስ ናት፤ አሜሪካ ከገባች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። የቤተሰቡን ደኅንነት ጠያይቃ እንደጨረሰች በቀጥታ ወደ ጉዳይዋ ገባች። ለቤት መግዣ ቅድሚያ ክፍያ ይሆነኛል ብላ በስድስት ዓመት የሌሊት ተራ ያጠራቀመችው ገንዘብ አለ። ይህንን ገንዘብ ከባንክ አውጥታ ኢንቪዲያ የተባለውን የቺፕ ኩባንያ አክሲዮን ልትገዛበት አስባለች። «አብሮኝ የሚሠራው ሁሉ ገዝቶ አተረፈ፤ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት። አንተ የባንክ ሰው ነህና እስኪ ንገረኝ፣ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ።

እዚያው ስልኩ ላይ መልስ መስጠት አልደፈርኩም። ጥቂት ቀን ስጪኝ አልኳት። ይህ ጽሑፍ ለእርሷ ብዬ ካዘጋጀሁት ማስታወሻ የተወሰደ ነው። ዘመድ አሜሪካ ያለው አንባቢ ብዙ ስለሆነ፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ለሚቀርብለት ሁሉ ሊጠቅም ይችላል በሚል አቅርቤዋለሁ።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

ኦፕንኤአይ የተባለው ኩባንያ ቻትጂፒቲን ለሕዝብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 መጨረሻ ላይ ነው። ጥያቄ ሲጠየቅ እንደ ሰው የሚመልሰው ይህ ፕሮግራም ዓለምን አስደነቀ፤ ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችም ወደ ኋላ ላለመቅረት ሩጫ ጀመሩ። ለሩጫው ደግሞ በጣም ፈጣን ቺፖች ያስፈልጋሉ። እነዚህን ቺፖች በመንደፍ የሚስተካከለው ያልነበረው ኢንቪዲያ ነው።

ኢንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲመሠረት ዓላማው ለኮምፒውተር ጨዋታ የሚሆን የምስል ቺፕ ማቅረብ ነበር። የአክሲዮኖቹ ጠቅላላ የገበያ ዋጋ በ2023 አንድ ትሪሊዮን ዶላር አለፈ። በሰኔ 2024 ሦስት ትሪሊዮን፣ በሐምሌ 2025 አራት ትሪሊዮን፣ በጥቅምት 2025 ደግሞ አምስት ትሪሊዮን ዶላር ደረሰ። በታሪክ እዚህ ዋጋ ላይ የደረሰ የመጀመሪያው ኩባንያም ሆነ። የአክስቴ ልጅ የሥራ ባልደረቦች ያተረፉት በዚህ ሽቅብ ጉዞ ነው።

አረፋ ሲባል ምን ማለት ነው?

የአንድ አክሲዮን ዋጋ በመሠረቱ ኩባንያው ወደፊት ያስገኛል ተብሎ የሚጠበቀው ትርፍ የዛሬ ግምት ነው። ትርፉ ስለሚያድግ ዋጋው ቢያድግ አረፋ አይባልም። አረፋ የሚባለው ገዢው ስለ ኩባንያው ትርፍ መጠየቁን ትቶ፣ «ነገ ከእኔ በላይ ከፍሎ የሚገዛኝ ሰው አለ» በሚል ተስፋ ብቻ መግዛት ሲጀምር ነው። ያ ቀጣይ ገዢ የጠፋ ዕለት ዋጋው ይወድቃል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። ከዓመታት በፊት እዚሁ አዲስ አበባ በምሥረታ ላይ ከነበረ አንድ አክሲዮን ማኅበር አክሲዮን ገዝቻለሁ። የሂሳብ መግለጫ አልጠየቅሁም። የገዛሁት ጓደኞቼ ስለገዙ ነበር። የምስክር ወረቀቱ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ገንዘቡ ግን አልተመለሰም። ስለዚህ «አብሮኝ የሚሠራው ሁሉ ገዛ» የሚለው የአክስቴ ልጅ አነጋገር ለጆሮዬ እንግዳ አልነበረም።

የ2000ው ትምህርት

ዛሬ ስለ አረፋ የሚከራከሩ ሁሉ የሚያነሱት የኢንተርኔቱን ዘመን ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በስሙ ላይ «ዶት ኮም» የጨመረ ኩባንያ ሁሉ ትርፍ ባይኖረውም አክሲዮኑ ይሻማ ነበር። የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚበዙበት የናስዳክ ጠቋሚ መጋቢት 10 ቀን 2000 5,048 ነጥብ ላይ ደረሰ። በጥቅምት 2002 ግን 1,114 ነጥብ ላይ ነበር። 78 በመቶ ወረደ ማለት ነው። 100 ዶላር የነበረው ሰው 22 ዶላር ቀረው፤ ወደ መቶው ለመመለስ ከአራት እጥፍ በላይ ማደግ ነበረበት። ጠቋሚው የ2000ውን ከፍታ መልሶ ያለፈው ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 2015 ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። የመጀመሪያው፣ ቴክኖሎጂው ውሸት አለመሆኑ ነው። ኢንተርኔት በእርግጥም ዓለምን ለውጧል። የኢንተርኔት መሣሪያዎችን የሚሠራው ሲስኮ በመጋቢት 2000 በዓለም ከፍተኛውን የገበያ ዋጋ የያዘ ኩባንያ ነበር። ሲስኮ አልከሰረም፤ ዛሬም አትራፊ ነው። ሆኖም አክሲዮኑን በዚያ ከፍታ የገዛ ሰው የገዛበትን ዋጋ መልሶ ያየው በ2025 መጨረሻ ነው። አማዞንም ከ90 በመቶ በላይ ወድቆ ነበር፤ ዛሬ የደረሰበትን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ «ቴክኖሎጂው እውነት ነው?» እና «አክሲዮኑ በዚህ ዋጋ ያዋጣል?» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ሁለተኛው፣ ማስጠንቀቂያ ቀድሞ መምጣቱ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀመንበር የነበሩት አለን ግሪንስፓን ገበያው ከልክ ያለፈ ጉጉት ይዞት ሊሆን ይችላል የሚል ሥጋት ያነሱት በታኅሣሥ 1996 ነው። ናስዳክ ያኔ 1,300 ነጥብ ገደማ ነበር። ከንግግሩ በኋላ ግን ከሦስት ዓመት በላይ ወደ ላይ መጋለቡን ቀጠለ። ቀድሞ የሸሸ ሰው ለሦስት ዓመታት ሞኝ መስሎ ታየ። በመጨረሻ ግን ገበያው ግሪንስፓን ከተናገሩበት ደረጃም በታች ወረደ።

የአሁኑ በምን ይለያል?

ፍትሐዊ ለመሆን የተስፈኞቹንም ክርክር ማቅረብ ያስፈልጋል። የኢንቪዲያ ዓመታዊ ገቢ በጥር 2023 በተዘጋው የሂሳብ ዓመት 27 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በጥር 2025 በተዘጋው ዓመት 130 ቢሊዮን ዶላር ያለፈ ሲሆን፣ የተጣራ ትርፉም 73 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሷል። ይህ ትርፍ በወረቀት ላይ ያለ ተስፋ አይደለም፤ የገባ ገንዘብ ነው። ሲስኮ በ2000 ሲሸጥ የነበረው ከዓመታዊ ትርፉ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ኢንቪዲያ በ2025 የተሸጠው ከዚያ በእጅጉ ባነሰ እጥፍ ነው።

የኢንቪዲያ ደንበኞችም የያኔዎቹን ጀማሪዎች አይመስሉም። ማይክሮሶፍት፣ አማዞን፣ ጉግልን የሚያስተዳድረው አልፋቤት እና ሜታ በየዓመቱ በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር የሚያተርፉ ናቸው። እነዚህ አራት ኩባንያዎች በ2025 ብቻ፣ በአብዛኛው ለመረጃ ማዕከላት ግንባታ፣ በድምሩ ከ300 ቢሊዮን ዶላር በላይ አፍስሰዋል።

የሚያሠጉ ምልክቶች

በሌላ በኩል ግን ችላ የማይባሉ ምልክቶች አሉ።

አንደኛው የገንዘቡ ዙሪት ነው። በመስከረም 2025 ኢንቪዲያ ኦፕንኤአይ ውስጥ እስከ 100 ቢሊዮን ዶላር የማፍሰስ ሐሳብ እንዳለው አስታወቀ፤ ኦፕንኤአይ ደግሞ የኢንቪዲያን ቺፖች በብዛት ይጠቀማል ተባለ። ይህ የሐሳብ መግለጫ እንጂ ያለቀ ውል አልነበረም። በቀጣዩ ወር ሌላው ቺፕ ነዳፊ ኤኤምዲ፣ ኦፕንኤአይ ቺፖቹን ከወሰደለት እስከ 160 ሚሊዮን የሚደርሱ አክሲዮኖቹን የማግኘት መብት ሰጠው። ነጋዴ ለደንበኛው ገንዘብ ሰጥቶ ከራሱ ሱቅ ዕቃ ሲያስገዛ ሽያጩ ያደገ ይመስላል። እውነተኛው ፍላጎት ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ግን ያስቸግራል። በ2000 ዋዜማም የስልክ መሣሪያ አምራቾች ለደንበኞቻቸው እያበደሩ ይሸጡ ነበር፤ ደንበኞቹ ሲወድቁ አበዳሪዎቹም አብረው ተጎድተዋል።

ሁለተኛው የዕቃው ዕድሜ ነው። ሚኒባስ ገዝቶ ታክሲ ያሰማራ ሰው ትርፉን ሲያሰላ መኪናው ስንት ዓመት እንደሚያገለግል መገመት አለበት። ስድስት ዓመት ካለ በየዓመቱ የሚቀንሰው የእርጅና ወጪ ትንሽ፣ ትርፉ ትልቅ ይሆናል። ሦስት ዓመት ካለ ትርፉ ይሟሽሻል። ቺፕም እንዲሁ ነው። ሜታ ከ2025 ጀምሮ አብዛኞቹ ሰርቨሮቹ አምስት ዓመት ተኩል ያገለግላሉ ብሎ ግምቱን አራዘመ። አማዞን በዚያው ዓመት ከፊሎቹን ከስድስት ወደ አምስት ዓመት አሳጠረ፤ ምክንያቱም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያመጣው የቴክኖሎጂ ፍጥነት ነው። ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች በአንድ ዓመት በተቃራኒ አቅጣጫ ሲገምቱ፣ የሚታየው ትርፍ ምን ያህል በግምት ላይ እንደቆመ ያሳያል።

ሦስተኛው ብድር ነው። የመረጃ ማዕከላቱ መጀመሪያ የተገነቡት ከኩባንያዎቹ ትርፍ ነበር። በ2025 ግን ብድሩ በዛ። ሜታ በጥቅምት 2025 ለአንድ ማዕከል ብቻ ብሉ አውል ከተባለ የፋይናንስ ድርጅት ጋር የ27 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት አድርጓል። በራስ ገንዘብ የተሠራ ሕንፃ ተከራይ ቢያጣ የሚጎዳው ባለቤቱ ነው፤ በብድር ሲሆን ጉዳቱ ወደ አበዳሪውም ይሻገራል።

ገበያው ምን ያህል ድንጉጥ እንደሆነም ታይቷል። ዲፕሲክ የተባለ የቻይና ኩባንያ በአነስተኛ ወጪ ጥሩ ውጤት አገኘሁ ባለ ማግሥት፣ ጥር 27 ቀን 2025 ኢንቪዲያ 17 በመቶ ወረደ። በአንድ ቀን ከ580 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተነነ፤ በኋላ ግን አገገመ። ኦራክል ደግሞ በመስከረም 2025 በአንድ ቀን 36 በመቶ ዘሎ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ያንን ጭማሪ በሙሉ አጥቷል።

የኦፕንኤአይ ሥራ አስፈጻሚ ሳም አልትማን ራሳቸው በነሐሴ 2025 ባለሀብቶች ከልክ በላይ ጓጉተዋል የሚል አስተያየት ሰጥተዋል። በጥቅምት ደግሞ የእንግሊዝ ባንክ የፋይናንስ ፖሊሲ ኮሚቴ፣ ገበያው በድንገት የማሽቆልቆል አደጋው እንደጨመረ አስጠንቅቋል።

ሳያውቁ ባለድርሻ መሆን

ማስታወሻውን ሳዘጋጅ የአክስቴ ልጅ የጡረታ ቁጠባዋን ዝርዝር እንድትልክልኝ ጠየቅኋት። በአሜሪካ ብዙ ሠራተኛ ከደመወዙ እየተቆረጠ «401(ኬ)» ወይም ተመሳሳይ ሒሳብ ውስጥ ይገባለታል። የእርሷ ገንዘብ የትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ስብስብ በሚከተል ፈንድ ላይ ነው። ዝርዝሩን ስንከፍተው ከላይ የተቀመጠው ማን ሆነ? ኢንቪዲያ! በ2025 መጨረሻ ከ500ው ትልልቅ ኩባንያዎች ጠቋሚ፣ ከኤስ ኤንድ ፒ 500፣ 40 በመቶ ያህሉን ዋጋ የያዙት አሥር ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ በዚሁ ሩጫ ውስጥ ያሉ ናቸው።

«ታዲያ ሳላውቀው ገብቼ ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ። አልቀረችም ነበር። የቤት መግዣዋን ብትጨምርበት ጡረታዋም ቤቷም በአንድ ገመድ ላይ ይሰቀሉ ነበር።

ወደፊት ምን ይጠበቃል?

ገበያው መቼ እንደሚወርድ የሚናገር ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት፤ ግሪንስፓንም አልቻሉም። ሊታዩ የሚገባቸውን ነገሮች መዘርዘር ግን ይቻላል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የግንባታ በጀታቸውን መቀነስ ከጀመሩ፣ የቺፕ ሽያጭ ዕድገት ከቀዘቀዘ፣ ለመረጃ ማዕከላት ያበደሩ ተቋማት ወለድ ካስወደዱ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚገዙት ተራ ድርጅቶች የከፈሉትን የሚያካክስ ጥቅም ካላገኙ፣ ነፋሱ ተቀየረ ማለት ነው። በተቃራኒው ከተጠቃሚ ድርጅቶች የሚገባው ገቢ ወጪውን እየደረሰበት ከሄደ፣ ዛሬ ውድ የሚመስለው ዋጋ ተገቢ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱም በሮች ክፍት ናቸው።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2025 በይፋ ሥራ ጀምሯል። ገና ልጅ ነው። ሆኖም ከምንገዛው ኩባንያ የሂሳብ መግለጫ የመጠየቅ ልማድ ከአሁኑ ቢለመድ፣ እንደ እኔ መሳቢያ ውስጥ ወረቀት ብቻ ይዞ የሚቀር ሰው ይቀንሳል።

ለአክስቴ ልጅ የሰጠኋት መልስ

የነገርኳት ሦስት ነገር ነው። በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት የምትፈልጊው ገንዘብ አክሲዮን ውስጥ አይግባ። የጡረታው ገንዘብ ደግሞ ባለበት ይቆይ፤ ገና ሃያ ዓመት የሥራ ጊዜ ስላለሽ ቢወርድም ለመመለስ ጊዜ አለው፤ ደንግጠሽ ብታወጪው ግን ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ስለሆነ፣ አንዳንድ በሕግ ከተፈቀዱ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ከግብሩ ሌላ አሥር በመቶ ቅጣት ይጠብቅሻል። የግድ ልሞክር ካልሽ፣ ሙሉ በሙሉ ብታጪው እንቅልፍ የማይነሳሽን ያህል ብቻ፣ ያውም ሳትበደሪ።

ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ብትሳሳትስ? እጥፍ ቢሆንስ?» አለችኝ። ሊሆን ይችላል አልኳት፤ ያኔ ትወቅሽኛለሽ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ስድስት ዓመት ቀስ ብሎ የታጠቀ ገንዘብ ግን በሌላው ሰው ሩጫ መፈታት የለበትም።

ባለፈው ሳምንት እንደነገረችኝ ገንዘቡ አሁንም ባንክ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት እየዞረች ታያለች።