ከሴባስቶፖል እስከ ያማሃ

ለእኛ ለአዲስ አበባ ልጆች ሞተር ብስክሌት ማለት ፍጥነት ነው፤ ሲብስም ቦርሳ ነጣቂ። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ከተማዋ ፈቃድ የሌላቸውን ሞተሮች ስታግድ ብዙዎቻችን «ተገላገልን» ብለናል። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ላይ ግን ሞተር የሚመዘነው በሌላ ሚዛን ነው። «ስንት ይበራል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው «ሰው ጭኖ የት ድረስ ይወጣል?» ተብሎ ነው።

በዚያ አገር ይህን ጥያቄ መጀመሪያ በጭንቀት የጠየቁት አፄ ቴዎድሮስ ሳይሆኑ አይቀሩም። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሱ፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን ይዘው ነው የተነሱት። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ፣ በመንኮራኩር ላይ፣ መንገድ በሌለበት አገር። በጋይንት በኩል ወደ ዋድላና ደላንታ፣ ከዚያ ወደ በሽሎ፤ ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ ገደሉ እየተቆረጠ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው እየጎተተው ስድስት ወር ያህል ፈጅቶ መጋቢት ላይ ደረሰ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ እንደነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። የሚገርመው፣ ሊወጋቸው የመጣው የናፒየር ጦርም ወደ ጅጣ ሸለቆ የወረደው እሳቸው በቆረጡት መንገድ ነው።

ትምህርት ቤት ሳለን ይህን ታሪክ ሲነግሩን ስለ መድፉ እንጂ ስለ ዳገቱ ያነሳልን መምህር አልነበረም። ነገሩ ግን የጉልበት ሒሳብ ነው። የሚጎትተው ኃይል ውስን ሲሆን ፍጥነቱን ትተህ ኃይሉን ታበዛለህ። መካኒክ ይህንኑ «ከባድ ማርሽ» ይለዋል። ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ ይብሳል፤ እዚያ ላይ ሥራው መጎተት ሳይሆን እንዳይፈነገል መያዝ ነው።

ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ገደማ በቅሎ ነገሠች። እ.ኤ.አ. በ1971 የተቋቋመው የግብርና ኤክስቴንሽን ድርጅት (ያኔ ኤፒድ ይሉት ነበር) አነስተኛውን የልማት ፓኬጅ ያዳረሰው ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ግራና ቀኝ ላለ ገበሬ ነበር። መንገድ የሌለው ገበሬ ማዳበሪያም ባለሙያም አልደረሰውም። ለጋይንት ነገሩን የለወጠው በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታ–ወልዲያ መንገድ ነው፤ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በደብረ ታቦር በኩል ጉናን ታክኮ በነፋስ መውጫ የሚያልፍ። ግን አውራ ጎዳናው ሲያልቅ ምን ይሆናል? ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳ፣ ከመካነ ኢየሱስም ባሻገር ወዳሉት ቀበሌዎች? እዚህ ጋ ነው ትንሿ ጃፓን ሠራሽ ሞተር የምትገባው።

ያማሃ የመጀመሪያዋን ዲቲ እ.ኤ.አ. በ1968 አወጣ፤ አስፋልትም ጥርጊያም የምትሄድ ሞተር። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ገበሬዎች ብሎ ኤጂ 100ን ሠራ። 97 ሲሲ ብቻ ናት፤ ፊትና ኋላ ዕቃ መጫኛ አላት፣ ካቴናዋ በሽፋን ተዘግቷል። ሁለቱም ቱ ስትሮክ ናቸው፤ ማለትም ሞተሩ ቫልቭ የለውም፣ ፒስተኑ በወጣ በወረደ ቁጥር ያቀጣጥላል። የሚበላሽ ነገሩ ጥቂት ስለሆነ ካንዴላና ቁልፍ ይዞ የወጣ ሰው ሜዳ ላይ አይቀርም። (ካቴና፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ… ጣሊያን በአምስት ዓመት ያስተማረን ቋንቋ ይኸው ነው።) በአገራችን ብዙ የግብርናና የእርዳታ ድርጅት ግቢ ውስጥ እነዚህ ሞተሮች ቆመው ያላየ የለም።

ችግሩ ፋብሪካ ነፋስ መውጫን አያውቅም። ከተማዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን፣ ከዚያም በላይ ያጣል። የካርቦራተሩ ቀዳዳ በትንሽ ካልተተካ ቤንዚኑ ይበዛና ካንዴላው ይጠቁራል። ያው ሞተር በዚያው ቀን ከ1,500 ሜትር በታች ወዳለው የበሽሎ ቆላ ቢወርድ ደግሞ ቤንዚኑ ያንሰውና ሞተሩ ይግላል። የሁለቱን አገር ሆድ ማስደሰት አይቻልም፤ ብልህ ሰው ለቆላው ያስተካክልና ደጋው ላይ ጭሱን ይታገሣል።

የሞተር ነጂውን ብልሃት ያየነው ከነፋስ መውጫ ቁልቁል ስንወርድ ነው። እኛ ከኋላ ዓይናችንን ጨፍነን፣ እሱ በየጊዜው የነዳጅ እጀታውን ትንሽ ከፈት፣ ዘጋ። ለጉራ መስሎን ነበር። በኋላ ሲያስረዳን፣ ቱ ስትሮክ ዘይቱን የሚያገኘው ነዳጅ ሲሰጠው ነው፤ እጀታውን ዘግተህ ሞተሩ እየጮኸ ረጅም ቁልቁለት ከወረድክ ፒስተኑ ደርቆ ይነክሳል። ደግሞም እንደ ፎር ስትሮክ ሞተሩ ራሱ አይዝህም፣ ፍሬኑን አደራ ማለት ነው። ዳገት ላይ ሌላ ሰው ይሆናል፦ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ወደ ፊት አዘንብሎ፣ ሞተሩን ከፍ ባለ ድምፅ ይዞ፣ ማርሽ የሚቀይረው ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ቱ ስትሮክ ዝቅ ባለ ዙር ላይ ጉልበት የለውምና መሀል ላይ ከቀየርክ ቆምክ።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ርካሽ ነው። የፊቱን ስፕሮኬት ከ15 ጥርስ ወደ 14 ማውረድ። የኋላው 45 ከሆነ፣ ሦስት ለአንድ የነበረው 3.21 ለአንድ ይሆናል፤ ሰባት በመቶ ጉልበት ተገኘ፣ ሰባት በመቶ ፍጥነት ተከፈለ። ተመሳሳዩን ከኋላ ለማግኘት ሦስት ጥርስ መጨመርና ካቴና ማስረዘም ያስፈልጋል። ለከተሜ ሰባት በመቶ ምንም ነው። በረዶ ሳጥን ውስጥ ክትባት ጭኖ፣ የመጨረሻውን ጠመዝማዛ መውጣት ላቃተው ጤና ባለሙያ ግን ሞተሩን ከመግፋትና በሞተር ከመድረስ መሀል ያለው ልዩነት ነው።

ዛሬ የህንድና የቻይና ፎር ስትሮኮች አገሩን ሞልተውታል፤ ነዳጅ ይቆጥባሉ፣ አያጨሱም። እኛም አንከራከርም። ግን ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ የሚጎበኝ ቅርስ ሲሆን፣ በ97 ሲሲ ስማዳን ያዳረሱት ባለሙያዎች ስም የተጻፈበት ገጽ አላገኘንም።

ደብረ ታቦር ላይ አንድ ጋራዥ ግድግዳ ላይ በሽቦ የተንጠለጠሉ ያረጁ ስፕሮኬቶች አየን፤ ሁሉም ባለ15። ባለቤቱ ለምን እንደማይጥላቸው ስንጠይቃቸው ሳቁ።

«የልጆቹ ናቸው እንጂ የእኔ መች ሆኑ! ወደ ጋይንት ሲመደቡ እፈታላቸዋለሁ። አንዱ ወደ ፎገራ ሜዳ የተዛወረ ዕለት መጥቶ 'አባባ፣ ጥርሴን መልሱልኝ' ይለኛል።»