ከመታጠቢያ ገንዳ የወጣ ቃል፣ ከአሥር ዓመት ሂሳብ የወጣ ቁጥር

ኅዳር 26 ቀን 1989 ዓ.ም. ማታ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 5 ቀን 1996፣ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀ መንበር አለን ግሪንስፓን ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ የእራት ግብዣ ላይ ንግግር አደረጉ። ጋባዡ አሜሪካን ኢንተርፕራይዝ ኢንስቲትዩት የተባለው የጥናት ተቋም ነበር። ንግግሩ ስለ ማዕከላዊ ባንክ ታሪክ የሚተርክ፣ ረጅምና ጠጣር ነበር። ከብዙ ገጽ በኋላ ግን ሊቀ መንበሩ አንድ ጥያቄ ጣል አደረጉ፤ ምክንያት የለሽ ፈንጠዝያ የአክሲዮን ዋጋን ከልክ በላይ ማናሩን በምን እናውቃለን የሚል ነበር።

መልስ አልሰጡም። ይሁን እንጂ በቶኪዮ ዓርብ ነግቶ ገበያው ተከፍቶ ስለነበር፣ ቃሉ እንደተሰማ የጃፓን አክሲዮኖች 3 በመቶ ያህል ወረዱ። ፍራንክፈርትና ሎንዶን ተከተሉ። ኒውዮርክ ሲነጋ ዳው ጆንስ የተባለው የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ ገና በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከ140 ነጥብ በላይ ጣለ፤ ቀኑ ሲመሽ ግን አብዛኛውን መልሶ አግኝቷል።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ወደ 30 ዓመት ተጠግቷል። «ምክንያት የለሽ ፈንጠዝያ» የሚለው ሐረግ ዛሬም በየገበያው ይጠራል። ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ክርክርም አብሮት ይነሳል፤ ከእራቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በዚያው ከተማ ሌላ ስብሰባ ተደርጎ ነበርና።

ዲሴምበር 3 ቀን ማክሰኞ፣ የማዕከላዊ ባንኩ ቦርድ ምሁራንንና የዎል ስትሪት ተንታኞችን ጠርቶ ስለ አክሲዮን ገበያው አነጋገረ። ከተጠሩት ሁለቱ የዬል ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ሺለርና የሃርቫርዱ ጆን ካምቤል ነበሩ። ካምቤል ዶክትሬታቸውን የሠሩት ሺለር በሚያስተምሩበት በዬል ነው። ይዘውት የመጡት ነገር ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው። የአክሲዮኖችን ዋጋ ያለፈውን አንድ ዓመት ትርፍ ትተው፣ የዋጋ ግሽበት ከተስተካከለለት የአሥር ዓመት አማካይ ትርፍ ጋር የሚያነጻጽር ቁጥር ነበር። ዛሬ በፋይናንስ ሰዎች ዘንድ «ኬፕ» ወይም «የሺለር ንጽጽር» እየተባለ ይጠራል።

ሐሳቡ ከእነሱ አልጀመረም። ቤንጃሚን ግርሃም በ1929 ከተጀመረው የዎል ስትሪት ውድቀት ተንኮታኩተው የተነሱ የኒውዮርክ ባለሀብትና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። ከዴቪድ ዶድ ጋር በ1934 ባሳተሙት «ሴኪዩሪቲ አናሊሲስ» በተባለው መጽሐፍ፣ የአንድን ኩባንያ ትርፍ ለመመዘን ከአምስት ዓመት ያላነሰ፣ ቢቻል የሰባት ወይም የአሥር ዓመት አማካይ እንዲወሰድ መክረዋል። ሺለርና ካምቤል በ1988 ባወጡት ጥናት ይህንን የግርሃምን ምክር ወስደው ከ1871 ጀምሮ ባለው የአሜሪካ ገበያ መዝገብ ላይ ፈተኑት። በየዓመቱ ያለውን ትርፍ በዘመኑ የገንዘብ አቅም አስተካከሉት።

የስሌቱ ምክንያት በአንድ ወፍጮ ቤት ቢታይ ይቀላል። ባለቤቱ ወፍጮውን በ3 ሚሊዮን ብር እሸጣለሁ ይላል፤ አምና 300 ሺህ ብር ማትረፉንም በደብተር ያሳያል። ዋጋው የትርፉ አሥር እጥፍ ነው፣ ደህና ይመስላል። ነገር ግን አምና የጎረቤት ወፍጮ ተበላሽቶ የሰፈሩ እህል ሁሉ ወደ እሱ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ገዢው ደብተሩን ወደ ኋላ ሲገልጥ ከአሥር ዓመት በፊት የተገኘው ትርፍ 40 ሺህ ብር ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። ይህም ቢሆን በራሱ አሳሳች ነው። በአሥር ዓመቱ ውስጥ የዕቃ ዋጋ አራት እጥፍ ካደገ፣ ያ 40 ሺህ ብር በዛሬ ገንዘብ 160 ሺህ ነው። ሁሉም ዓመታት እንዲህ ተስተካክለው አማካዩ 150 ሺህ ብር ቢመጣ፣ ወፍጮው የተጠየቀበት ዋጋ የአማካይ ትርፉ 20 እጥፍ ነው ማለት ነው። ወፍጮው ያው ወፍጮ፣ ዋጋውም ያው ዋጋ ነው፤ መለኪያው ሲለወጥ ግን የገዢው ውሳኔም ሊለወጥ ይችላል።

ተቃራኒውም አለ፤ ይህኛው በእውነት ደርሷል። በማርች 2009 የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች የሚመዘኑበት ኤስ ኤንድ ፒ 500 ወደ 676 ወርዶ ነበር። ባንኮችና ኢንሹራንሶች ባወጁት ኪሳራ የተነሳ የኩባንያዎቹ ጠቅላላ የአንድ ዓመት ትርፍ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ ዋጋን ባለፈው አንድ ዓመት ትርፍ ያካፈለ ሰው ከ100 እጥፍ በላይ የሆነ ቁጥር ያገኝ ነበር፤ ገበያው በታሪኩ እንዲህ ተወዶ አያውቅም ብሎ ይሸሽም ነበር። በማርች የአሥር ዓመቱ አማካይ ያሳየው 13 ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የሆነውን ያየ ሰው፣ ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛው እውነቱን እንደተናገረ አይጠራጠርም።

ወደ 1996 እንመለስ። በወቅቱ የሺለርና የካምቤል ቁጥር 28 አካባቢ ደርሶ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ በዘለቀው መዝገብ አማካዩ ያኔ 15 ገደማ ነበር። እስከዚያ ድረስ 28ን በግልጽ ያለፈበት ዋናው ጊዜ 1929 ሲሆን፣ ያኔ 33 ገደማ ሳለ ገበያው ተናደ። ሁለቱ ምሁራን በዚህ ስሌት ተመርኩዘው፣ በመጪዎቹ አሥር ዓመታት የአክሲዮን ዋጋ ግሽበት ተቀንሶለት 40 በመቶ ያህል ሊያሽቆለቁል እንደሚችል አመለከቱ። ይህ ማስጠንቀቂያ በተሰማ በሁለተኛው ቀን ነው ግሪንስፓን ያንን ሐረግ የተናገሩት።

ስለዚህ ብዙዎች ቃሉ የሺለር ነው አሉ። ሺለር በማርች 2000 ያሳተሙት መጽሐፍ ርዕሱ ራሱ ያ ሐረግ መሆኑ ግምቱን አጠናከረው።

ግሪንስፓን ግን የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በወጣትነታቸው ጁሊያርድ ገብተው ሙዚቃ የተማሩ፣ በዳንስ ባንድ ውስጥ ሳክስፎንና ክላሪኔት ሲነፉ የኖሩ፣ በኋላ ወደ ኢኮኖሚክስ የዞሩ ሰው ናቸው። በ1971 ወገባቸውን ከታመሙ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውኃ በሞላው መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተኝቶ ማንበብና መጻፍ ልማዳቸው ሆነ። ረዳቶቻቸው ከዚያ የሚወጣውን ውኃ የነካው ወረቀት ተቀብለው ይተይቡ ነበር። በ2007 ባወጡት የሕይወት ታሪካቸው፣ ሐረጉ የመጣላቸው አንድ ጠዋት በዚያው ገንዳ ውስጥ ሆነው ንግግሩን ሲጽፉ እንደነበር አስፍረዋል።

ይህ ምስክርነት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ለማመን ይከብድ ነበር። ሁለት ነገሮች ግን ይደግፉታል። በ1959፣ ገና የ33 ዓመት ጎልማሳ ሳሉ፣ ግሪንስፓን በፎርቹን መጽሔት ላይ ስለ ፋይናንስ ሰዎች «ከልክ ያለፈ ፈንጠዝያ» ያላቸውን ስጋት ተናግረዋል። ሁለተኛው፣ ማዕከላዊ ባንኩ ከአምስት ዓመት በኋላ ይፋ የሚያደርገው የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነው። በሴፕቴምበር 1996፣ ማለትም ሺለርና ካምቤል ከመጠራታቸው ከሁለት ወር በፊት፣ ሊቀ መንበሩ በዝግ ስብሰባ የአክሲዮን ገበያው አረፋ መሆኑን እንደሚገነዘቡ መናገራቸው በዚያ ሰፍሯል። ሺለር ራሳቸውም ለቦርዱ ገበያው ምክንያታዊ አይደለም ማለታቸውን አይክዱም፤ ሐረጉ ግን የግሪንስፓን የራሳቸው ሳይሆን አይቀርም ብለዋል።

ቃሉ የግሪንስፓን ነው። ለቃሉ ክብደት የሰጠው ቁጥር ግን የሺለርና የካምቤል ነው፤ ከሁለቱ ለተራው ባለ አክሲዮን የሚጠቅመውም ቁጥሩ ነው። ግሪንስፓን ጠይቀው አለፉ፤ ወደ 1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ቴክኖሎጂ ያመጣውን የምርታማነት እድገት ማወደስ አበዙ። ቁጥሩ ግን ባለበት ሆኖ መቁጠሩን ቀጠለ። በ1999 መጨረሻ 44 ደረሰ። የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚበዙበት ናስዳክ በማርች 2000 ከ5,000 በላይ ወጥቶ፣ በኦክቶበር 2002 ወደ 1,114 ወደቀ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። አሥር ዓመቱ ሲሞላ፣ በ2007 መጀመሪያ፣ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከ1,400 በላይ ነበር፤ ግሪንስፓን በተናገሩበት ቀን 744 ነበር። የ40 በመቶው ትንቢት በቀጠሮው አልደረሰም። በ1996 ፈርቶ የሸጠ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ጎረቤቱ ሲከብር ቆሞ አየ። ከ2007 ሁለት ዓመት ቆይቶ በማርች 2009 ግን ኢንዴክሱ ከዚያ የእራት ምሽት በታች ወረደ፤ ከ12 ዓመት በላይ የተገነባው የዋጋ ጭማሪ ሁሉ ተነነ፣ ለባለ አክሲዮኑ የቀረው በየዓመቱ የተቀበለው የትርፍ ድርሻ ነው። ቁጥሩ ውድ መሆኑን ይናገራል፤ መቼ እንደሚረክስ አይናገርም። እንደ ደወል የተጠቀሙበት ሁሉ ተጎድተዋል።

ከተቺዎቹ ጠንካራው የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ጄረሚ ሲገል ናቸው። እሳቸውና ሺለር በ1967 ኤም አይ ቲ ሲገቡ፣ ለአዲስ ተማሪዎች የደረት ራጅ በስም ተራ ተሰልፈው ሳለ የተዋወቁ የዕድሜ ልክ ጓደኞች ናቸው። ሲገል እንደሚሉት የሂሳብ አያያዝ ደንቡ ተለውጧል፤ ኩባንያዎች ንብረታቸው ሲረክስ ወዲያው በኪሳራ እንዲመዘግቡ ይገደዳሉ፣ ሲወደድ ግን እንደ ትርፍ አይመዘግቡም። ኤ አይ ጂ የተባለው ኢንሹራንስ በ2008 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ብቻ ከ61 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ አስመዘገበ፤ በኢንዴክሱ ውስጥ ያለው ድርሻ ኢምንት ሆኖ ሳለ ያ ኪሳራ የሌሎች ብዙ ኩባንያዎችን ትርፍ ዋጠ፣ ለአሥር ዓመትም በአማካዩ ውስጥ ተቀመጠ። ክርክሩ ተገቢ ነው። ሺለርም በበኩላቸው በ2020 የወለድ ምጣኔን ያካተተ ሌላ ስሌት አክለዋል። የሆነው ሆኖ በ2013 የኖቤል ሽልማትን ሲወስዱ፣ አብረዋቸው ከተሸለሙት አንዱ ገበያው ዋጋን አይስትም የሚሉት ዩጂን ፋማ ነበሩ። ሁለቱ ተቃራኒዎች በአንድ መድረክ ቆሙ።

ይህ ሁሉ የዎል ስትሪት ወሬ መስሎ ይታይ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በብሔራዊ ባንክ አማካይነት ይካሄድ የነበረው የአክሲዮን ግብይት በ1966 ዓ.ም. አብዮት ከቆመ ወዲህ፣ በአገራችን አክሲዮን በትውውቅና በየባንኩ መስኮት ይሸጥ ነበር። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዋዕለ ንዋዮች ገበያ አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሥራ ጀመረ። ኢትዮ ቴሌኮምም ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። ዋሽንግተንና ዳላስ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ የጡረታ ቁጠባቸው በዚያው በኤስ ኤንድ ፒ 500 ላይ ያረፈ ብዙዎች ናቸው።

በእኛ አገር ግሽበቱን ማስተካከል ከአሜሪካም ይልቅ ግዴታ ነው፤ በአውሮፓውያኑ 2022 ብቻ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ከአምናው የበለጠ ብር አተረፍን የሚል ኩባንያ ግሽበቱ ሲቀነስለት ወደ ኋላ ሄዶ ሊገኝ ይችላል። አክሲዮን ለመግዛት የተዘጋጃችሁ አንባቢዎች፣ ሻጩ የአምናውን ትርፍ ሲያሳያችሁ የአሥር ዓመቱን የሂሳብ መግለጫ ጠይቁ። አሥር ዓመት ያልሞላው ኩባንያ ከሆነ ያለውን ሁሉ ያሳያችሁ። ከዚያ እያንዳንዱን ዓመት ወደ ዛሬ ብር ቀይራችሁ አማካዩን አውጡ፤ ፊርማችሁን የምታኖሩት ያንን ቁጥር ካያችሁ በኋላ ይሁን።