ስንቅ፣ ትጥቅና ካርታ፦ ለቡድን የጀብዱ ውድድር ዝግጅት ምን ይጠይቃል?

እ.አ.አ በ2000 ነሐሴ ወር 304 አትሌቶች በማሌዥያዋ ሳባህ ግዛት፣ በቦርኒዮ ደሴት ጫካና ወንዞች፣ ኢኮ ቻሌንጅ በተሰኘው ውድድር ተካፈሉ። ለቀናት በእግር ተጓዙ፣ ቀዘፉ፣ ብስክሌት ነዱ፣ ዋኙ። ችግሩ ጎልቶ የታየው ውድድሩ አብቅቶ ወደየአገራቸው ሲመለሱ ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጡንቻ ሕመምና ከባድ ራስ ምታት ብዙዎቹን አልጋ ላይ ጣላቸው።

የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ባለሙያዎች ከተወዳዳሪዎቹ 189ኙን አግኝተው ሲያነጋግሩ 80ዎቹ የበሽታው ምልክት እንደታየባቸው፣ ከእነዚህም 29ኙ ሆስፒታል ገብተው እንደነበር አረጋገጡ። የሞተ ሰው አልነበረም። ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለው ይህ በሽታ በእንስሳት ሽንት ከተበከለ ውሃና ጭቃ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በሰጋማ ወንዝ ውስጥ የዋኙትም ይበልጥ ተጋልጠው ተገኝተዋል። ዶክሲሳይክሊን የተባለውን መድኃኒት ከውድድሩ በፊት ወይም በውድድሩ ወቅት የወሰዱት ግን የመታመም ዕድላቸው ያነሰ ነበር።

መድኃኒቱ ኪስ ውስጥ ክብደቱ የማይታወቅ እሽግ ክኒን ነው። የጀብዱ ውድድር ዝግጅት በአብዛኛው እንዲህ ባሉ፣ በጉልበት በማይተኩ ጥቃቅን ነገሮች የተሞላ ነው።

ውድድሩ ምንድን ነው?

የስፖርቱ የዛሬ መልክ ብዙውን ጊዜ ፈረንሳዊው ጋዜጠኛ ዤራር ፉሲል እ.አ.አ በ1989 በኒውዚላንድ ካስጀመረው ሬድ ጎሏዝ ከተሰኘው ውድድር ጋር ይያያዛል። ከስድስት ዓመት በኋላ ማርክ በርኔት በአሜሪካዋ ዩታ ግዛት ኢኮ ቻሌንጅን ጀመረ፤ ቴሌቪዥንም ስፖርቱን ለዓለም አስተዋወቀ። ይኸው ውድድር ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እ.አ.አ በ2019 በፊጂ ሲመለስ 66 ቡድኖች 671 ኪሎ ሜትር እንዲያቋርጡ 11 ቀን ተሰጥቷቸው ነበር። በአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ የስፖርቱ ማዕከል ስትሆን፣ እ.አ.አ በ2023 የዓለም ሻምፒዮናውን አስተናግዳለች።

በሰፊው በሚሠራበት ደንብ መሠረት አንድ ቡድን ወንድና ሴት የተቀላቀሉበት አራት አባላት አሉት። የእግር ጉዞ፣ የተራራ ብስክሌት፣ የካያክ ቀዘፋና በገመድ ገደል መውረድ ይፈራረቃሉ። ሰዓቱ ሌሊትም አይቆምም፤ መቼ እንደሚተኛ የሚወስነው ቡድኑ ራሱ ነው። በሳተላይት አቅጣጫ የሚያሳይ መሣሪያ መጠቀም ክልክል ስለሆነ መንገዱ የሚገኘው በካርታና በኮምፓስ ነው። የቡድኑ አባላት ተራርቀው መጓዝ አይችሉም፤ ብዙ አዘጋጆች የሚፈቅዱት ርቀት 100 ሜትር ነው። ከአራቱ አንዱ ካቋረጠ የቀሩት ቢጨርሱ እንኳ ከደረጃ ውጪ ይሆናሉ።

ዝግጅቱን ሁሉ የሚቀርጸው ይህ የመጨረሻው ደንብ ነው። ምሥራቅ አፍሪካ ለዓለም ድንቅ ሯጮችን አበርክቷል፤ ሆኖም በዚህ ውድድር ከአራቱ ፈጣን የሆነው ሰው ሰዓት ብዙም ትርጉም የለውም። የሚቆጠረው የዘገየው ሰዓት ነው።

ሸክም መካፈል

ልምድ ያላቸው ቡድኖች ከመነሻው የየአባላቱን ሸክም እኩል አያደርጉም። ጠንካራው ተጨማሪ ውሃና ገመድ ይሸከማል፤ የደከመው ቦርሳ ባዶ እስኪሆን ድረስ ሊራገፍለት ይችላል። የሃምሳ ሎሚው ተረት በዚህ ስፖርት ቃል በቃል ይሠራል።

ከዚህም አልፎ በሚለጠጥ ገመድ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። በዳገት ላይ ከፊተኛው ቦርሳ ወደ ኋለኛው ወገብ፣ በብስክሌት ደግሞ ከኮርቻ ሥር ወደ ተከታዩ መሪ ይታሰራል። ብዙ ውድድሮች ይህን ይፈቅዳሉ። እንቅፋት የሚሆነው ኩራት ነው፤ መጎተትን እንደ ውርደት የሚቆጥር ተወዳዳሪ ቡድኑን ለሰዓታት ያዘገያል። ስለዚህ መጎተትም መጎተትን መቀበልም በልምምድ ወቅት መለመድ አለባቸው፤ በተለይ በብስክሌት ሲሆን ያልተለማመዱ ሁለት ሰዎች አብረው ይወድቃሉ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሕመሙን የሚደብቅ አባል ነው። ተረከዙ መቃጠል ሲጀምር ዝም ያለ ሰው ከጥቂት ሰዓት በኋላ እግሩ ውሃ ይቋጥራል፤ ቆዳው ከተላጠ ደግሞ አራቱም ያነክሳሉ ማለት ነው። አሸዋውን ከካልሲ ለማራገፍና ፕላስተር ለመለጠፍ አምስት ደቂቃ መቆም ርካሽ ዋጋ ነው።

ካርታው

ውድድሮች የሚሸነፉት ብዙውን ጊዜ በእግር ሳይሆን በካርታ ላይ ነው። በ1፡50,000 ካርታ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ነው። የከፍታ መስመሮቹ ሲቀራረቡ ገደል፣ ሲራራቁ ሜዳ ያመለክታሉ፤ በየ20 ሜትር ከፍታ በሚሰመሩበት ካርታ ላይ ግን 15 ሜትር የሚወርድ ገደል ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ካርታው ባዶ ያሳየው ቦታ ሁሉ ባዶ አይደለም።

ኮምፓስ ደግሞ የሚያመለክተው መግነጢሳዊውን ሰሜን እንጂ የካርታውን ሰሜን አይደለም። በኢትዮጵያና በኬንያ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ በመሆኑ ብዙዎች ሳያሰሉ ይጓዛሉ። ይህ ልማድ ወደ ውጭ ሲሄዱ ያስከፍላል። በኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት ልዩነቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው፤ 20 ዲግሪ የሳተ ቡድን አንድ ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ከታሰበው ቦታ ወደ 350 ሜትር ይርቃል። በጭጋግ ውስጥ ይህ ሌላ ሸለቆ ማለት ሊሆን ይችላል።

ችሎታው በመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። ተለማማጁ 100 ሜትር በስንት እርምጃ እንደሚጨርስ በሜዳ፣ በዳገትና በቁጥቋጦ ለይቶ መቁጠር አለበት። ጥሩ መሪ በቀጥታ ወደ መቆጣጠሪያ ጣቢያው ከማነጣጠር ይልቅ ሊስተው የማይችለውን ወንዝ ወይም ሸንተረር ይይዛል፤ ከዚያም “ይህን መንገድ ካገኘን አልፈናል ማለት ነው” የሚልበትን ምልክት አስቀድሞ ይመርጣል። ሁለተኛ ሰውም ካርታውን መከታተል ይገባዋል፤ እንቅልፍ ያጣ መሪ ስህተቱን ራሱ አያየውም።

በምድር ወገብ አካባቢ ለሚወዳደሩ ሌላ ስሌት አለ። እዚህ ዓመቱን ሙሉ ሌሊቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይጨልማል። አምስት ቀን የሚወስድ ውድድር ወደ 60 ሰዓት የሚጠጋ ጨለማ አለው፤ የበጋ ሌሊቱ እጅግ አጭር በሆነበት በሰሜን አውሮፓ ከሚደረግ ውድድር ፈጽሞ ይለያል። ስለዚህ ከልምምዱ ቢያንስ ሲሶው በሌሊት ቢሆን አይበዛም፤ የግንባር ባትሪ ሲገዛም ብርሃኑ ብቻ ሳይሆን ስንት ሰዓት እንደሚቆይ መታየት አለበት።

የግድ የሚያዙ ዕቃዎች

እ.አ.አ በግንቦት 2021 በቻይናዋ ጋንሱ ግዛት በተካሄደ የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ላይ የአየሩ ሁኔታ በድንገት ተለወጠ። በረዶ፣ ቀዝቃዛ ዝናብና ብርቱ ነፋስ ሲመጣ ብዙዎቹ ሯጮች ቁምጣና ስስ ልብስ ነበር የለበሱት። ከ172 ተወዳዳሪዎች 21ዱ ሞቱ። አንድ እረኛ ስድስቱን ወደ ዋሻ አስገብቶ በእሳት በማሞቅ አተረፋቸው። ውድድሩ የቡድን አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ነፋስ የሚከላከል ጃኬት በዚያ ውድድር ቢያዝ ይመረጣል ከተባሉት እንጂ የግድ ከሚያዙት ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ አለመግባቱ የስፖርቱን ዓለም አነጋግሯል።

ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው የሰሜን ተራሮች፣ የኬንያ ተራራና ሩዌንዞሪ ሞቃት አህጉር ውስጥ ቢገኙም ሌሊታቸው ውሃ ያረጋል። የአዘጋጁ ዝርዝር ዝቅተኛው መጠን ብቻ ነው። ውሃ የማያስገባ ጃኬት ከነቆቡ፣ የሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ የውስጥ ልብስ፣ ጓንት፣ ሙቀት የሚይዝ ስስ የነፍስ አድን ብርድ ልብስና ፊሽካ ከቦርሳ የማይወጡ ናቸው። ጥጥ ሲረጥብ ሙቀት አይይዝም። ጋቢ እሳት ዳር ወደር የለውም፤ ረጥቦ ተራራ ላይ ግን ሸክም ነው። በፊሽካ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መንፋትና ለአንድ ደቂቃ ማቆም በተራራ ላይ የታወቀ የድረሱልኝ ጥሪ ነው፤ አራቱም ሊያውቁት ይገባል።

ብስክሌቱን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው፤ ጫካ ውስጥ ጎሚስታ የለም። እያንዳንዱ አባል በጨለማና በደነዘዘ ጣት ካላማዳርያ መቀየር፣ የተበጠሰ ካቴና መቀጠልና ፍሬን ማስተካከል ካልቻለ ውድ ብስክሌት አያድነውም። ፖምፓና መፍቻ ለቡድን ይበቃሉ፤ ትርፍ ካላማዳርያ ግን የየራስ ነው። የገመድ ሥራ ደግሞ ከጽሑፍ የሚማሩት አይደለም፤ ከሠለጠነ አስተማሪ ጋር ደጋግሞ መውረድ ይጠይቃል።

በካያክ ላይ ለብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ቡድኖች ድክመቱ ዋና አለመቻል ነው። በፍጥነት መቅዘፍን ከመማር በፊት ጀልባው ሲገለበጥ ከሥሩ መውጣትን፣ መልሶ ማቃናትንና ላይፍ ጃኬት እንደለበሱ መልሶ መግባትን መለማመድ ይቀድማል።

መብላትና መተኛት

ሰውነት በረጅም ጥረት ወቅት በሰዓት 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት፣ የተለያዩ የስኳር ዓይነቶች ሲቀላቀሉ ደግሞ እስከ 90 ግራም መጠቀም ይችላል። ከውጭ የሚገቡት የአትሌት ምግቦች ውድ ናቸው፤ ሆኖም ለረጅም ጉዞ ስንቅ ማዘጋጀት ለአካባቢው ሰው አዲስ ነገር አይደለም። 100 ግራም የገብስ በሶ ወደ 70 ግራም ካርቦሃይድሬት ይሰጣል፤ በውሃ ሲበጠበጥም ማብሰያ አይፈልግም። ተምርም እንዲሁ። ቆሎ ግን ለጨጓራ ስለሚከብድ በልምምድ ሳይፈተን የሚታመኑበት አይደለም። ሦስተኛው ቀን ላይ ጣፋጭ ነገር ሁሉ ስለሚያስጠላ ጨው ያለው ምግብ ተለይቶ መቀመጥ አለበት።

እንቅልፍን በተመለከተ እ.አ.አ በ2000 የታተመ ጥናት ከ17 እስከ 19 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው በአንዳንድ ፈተናዎች በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ወይም የባሰ ውጤት እንዳስመዘገበ አሳይቷል። በሁለተኛው ሌሊት የሌለ ሰው ወይም ቤት ማየት በዚህ ስፖርት የተለመደ ነው። ቡድኑ የሚተኛበትን ሰዓት ከመነሻው በፊት፣ ጭንቅላቱ ንጹሕ ሳለ መወሰን ይኖርበታል፤ በተለይ ከገመድና ከወንዝ በፊት።

ውድድሩ ካለቀ በኋላ

በጣና፣ በቪክቶሪያና በሌሎችም የአካባቢው ሐይቆች የሚቀዝፍ ቡድን ቢልሃርዚያን ማሰብ አለበት። ጥገኛ ተውሳኩ በቆዳ ስለሚገባ ውሃውን አለመዋጥ አይከላከልም፤ ዶክሲሳይክሊንም አያስቆመውም። ምርመራው አስተማማኝ የሚሆነው ከውሃው ከወጡ ከሳምንታት በኋላ ሲሆን፣ በሽታው ከተገኘ ፕራዚኳንቴል በተባለ መድኃኒት ይታከማል። ከጉዞ በፊት የትኛው መድኃኒት ለየትኛው አካባቢ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ሐኪም ነው። ከውድድር መልስ ትኩሳት የያዘው ሰውም ለሐኪሙ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን የቀዘፈበትን ወንዝ ስም፣ ቀኑንና አብረውት የነበሩትን ሦስት ሰዎች ጤንነት ጭምር መንገር ይኖርበታል።