መኪናን የማዘግየት ታሪክ

ጓደኛዬ አምና የ1984 ቶዮታ ፒክአፕ ገዛ። ባለ አንድ ጋቢና፣ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል፣ ኮፋኖውን ፀሐይ የላጠው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የምንኖረው ካሊፎርኒያ ነው፤ መኪናውን ያየ አበሻ ሁሉ "ምን ልታደርጉት ነው?" ይለናል። መልሱን መናገር ትንሽ ያሳፍራል፦ ልናዘገየው ነው።

ቀን ቀን ሶፍትዌር ነው የምሠራው። አንድ ገጽ ለመክፈት የሚፈጀውን ጊዜ በሚሊሰከንድ እየለካሁ የማሳጥር ሰው ነኝ። ማታና ቅዳሜ ግን መኪና ሥር ተንጋልዬ፣ መኪናው በደቂቃ የሚሄደውን ሜትር እቀንሳለሁ። ድንጋይ ላይ መዳህ፣ እዚህ አገር ሮክ ክሮሊንግ የሚሉት፣ ይኸው ነው። ድንጋይ ላይ በፍጥነት የወጣ መኪና ይዘላል፤ የዘለለው ደግሞ ሲያርፍ አንድ ነገሩን ይሰብራል። ቀስ ያለው ግን በጎማው ድንጋዩን እየጨበጠ ይወጣል፤ ሞተሩም አይጠፋበትም።

ነገርዬው በአንድ ቁጥር ይለካል። ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ መዞር አለበት? የካምቢዮውን አንደኛ ማርሽ ትይዛላችሁ፤ ከካምቢዮው ቀጥሎ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሣጥን፣ ትራንስፈር የሚባለው፣ ከባድ ማርሽ አለው፤ በመጨረሻ የዲፈረንሻሉ ቁጥር አለ። ሦስቱን ማባዛት ነው፣ በቃ። የዚህን ጨዋታ ታሪክ በጦርነት ወይም በመዝናኛ በኩል የሚተርኩት ብዙ ናቸው። እኔ ግን የገባኝ ይህን ቁጥር ስከተል ነው።

በ1940 የአሜሪካ ጦር በአራቱም ጎማ የሚጎትት ቀላል መኪና ፈለገ፤ ለናሙናው የሰጠው ጊዜ 49 ቀን ብቻ ነበር። በትለር፣ ፔንሲልቬኒያ የነበረው ትንሹ ባንተም ኩባንያ ሴፕቴምበር ላይ በቀኑ አደረሰ። ትልቁን ሥራ ግን ዊሊስና ፎርድ ወሰዱት፤ ሁለቱ በጦርነቱ ዘመን ከ600,000 በላይ ጂፕ ሠሩ። (ሐሳቡን አምጥቶ ውሉን የተነጠቀ ትንሽ ኩባንያ በእኛም ሙያ አይጠፋም።) የዊሊስ ኤምቢ አንደኛ ማርሽ 2.665፣ ትራንስፈሩ 1.97፣ ዲፈረንሻሉ 4.88 ነው። ሲባዛ ወደ 26 ይጠጋል።

ጦርነቱ አልቆ በ1945 ዊሊስ ለሲቪሉ ሲጄ-2ኤ የተባለውን ጂፕ ሲያወጣ ቁጥሩ ወደ 37 ከፍ አለ፦ 2.798 በ2.43 በ5.38። ለምን? ምክንያቱም ሊሸጥ የታሰበው ለገበሬ ነበር። ወታደር መሮጥ ይፈልጋል፤ ማረሻ የሚያስጎትት ሰው ግን መኪናው በሰው እርምጃ እንዲሄድለት ይፈልጋል። ድንጋይ ላይ የሚድሁት ሰዎች የወረሱት የጦሩን ጂፕ ነው ሲባል እሰማለሁ። የወረሱት ይልቅ የገበሬውን ነው ባይ ነኝ።

ከዚያ ሩቢኮን ይመጣል። ከጆርጅታውን ተነስቶ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ወደ ታሆ ሐይቅ የሚሻገር፣ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መንገድ ነው። መጀመሪያ ነባሮቹ ዋሾዎች ለንግድ ይሄዱበት ነበር። በ1887 የኤልዶራዶ ካውንቲ የሕዝብ መንገድ ብሎ አወጀው፤ በዚያ ዘመን ሩቢኮን ስፕሪንግስ በተባለው የማዕድን ውሃ ምንጭ ዘንድ ሆቴል ነበር፣ እንግዳ በሠረገላ ይመጣ ነበር። ሆቴሉ ጠፋ፤ መንገዱም ተመልሶ ድንጋይ ሆነ። በ1953 ነሐሴ ላይ ማርክ ስሚዝ የተባለ የጆርጅታውን ሰው ከጓደኞቹ ጋር 55 ጂፕና 155 ሰው ይዞ ተሻገረው። ጂፐርስ ጃምቦሪ ብለውት እስከ ዛሬ ይደረጋል። ወደ ምሥራቅ ዩታ ውስጥ ደግሞ ሞዓብ አለ፤ ዩራኒየም ፈላጊዎች በ1950ዎቹ በየገደሉ የቀደዷቸውን መንገዶች ከ1967 ጀምሮ በፋሲካ ሰሞን ጂፖች ይወጡባቸዋል።

አሁን ወደ እኛ መኪና። ቶዮታ ባለ አራት ጎማ ፒክአፑን አሜሪካ ያስገባው በ1979 ነው። እስከ 1985 ድረስ የፊት አክስሉ እንደ ኋላው አንድ ወጥ ነበር፣ በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ። በ1986 ለአስፋልት ምቾት ሲባል የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ እንዲንቀሳቀሱ ተደረገ። ስለዚህ የሰባት ዓመቱ ምርት ብቻ ነው ዛሬ እንደ ወርቅ የሚፈለገው። ወጥ አክስል አንዱን ጎማ ድንጋይ ሲያነሣው ሌላውን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ለመዳህ ይኼ ነው የሚፈለገው።

የኛን መኪና ቁጥር ሳሰላው ግን ደነገጥኩ። 3.954 በ2.28 በ4.10፣ ውጤቱ 37። ከገበሬው ጂፕ ወዲህ ወደ 40 ዓመት ሊሞላ ሲል ፋብሪካው እዚያው ነበር ማለት ነው። ከዚያ በላይ የተሄደው በጋራዥ ነው።

ምስጢሩ የቶዮታ ትራንስፈር ከሁለት ቁራጭ መገጠሙ ነው፤ ከፊት ማርሽ የሚያከብደው ሣጥን፣ ከኋላ የሚያከፋፍለው። በ1990ዎቹ የፍሬስኖው ማርሊን ክሮለርና ሌሎች ሰዎች ይህን አዩና፣ ከሌላ አሮጌ መኪና የፊተኛውን ሣጥን ብቻ ፈትተው በመሐል ሰኩት። ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው ይኼ በጣም ያስቀናል፦ የአንዱ ውጤት ለሌላው ግብዓት ሆነ። አሁን 2.28 በ2.28 ይባዛል። ሁለተኛው ሣጥን ውስጥ ደግሞ የ4.70 ማርሽ ይሸጣል፤ ዲፈረንሻሉን በ5.29 ስትቀይሩት ጠቅላላው 224 ይሆናል።

ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ እየዞረ፣ ባለ 35 ኢንች ጎማ በደቂቃ ወደ 10 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ሕፃን ይቀድመዋል።

ግን ጉልበቱም አብሮ ይባዛል። 22አር የሚባለው ሞተር 175 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው ያለው፣ ምንም ማለት አይደለም። በ224 ሲባዛ በወረቀት ላይ 39,000 ይሻገራል። ስለዚህ ደካማው ዕቃ ይሰበራል። አንዱ ጎማ አየር ላይ ሲቀር ዲፈረንሻሉ ዙሩን ሁሉ ለእሱ ይሰጠዋል፣ እሱን ለማስቀረት ዲፈረንሻሉን በሎከር ትቆልፉታላችሁ። ሲቆለፍ ሸክሙ የፊት ጎማውን ከአክስሉ ወደሚያያይዘው ጆንት ይሄዳል፤ መሪውን ጥግ ድረስ አዙራችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ቷ ይላል። እሱን በጠንካራ ብረት ስትቀይሩት ሌላ ቦታ ይሰበራል። ስብራት አይጠፋም፣ ቦታ ይለውጣል እንጂ።

እኛ የተሳሳትነው ገና ከመጀመሪያው ነው። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ በርካሽ ያገኘነው ሁለተኛ ትራንስፈር ከስድስት ሲሊንደሩ መኪና የወጣ ሆኖ ተገኘ። የዚያኛው በሰንሰለት የሚሠራ ነው፤ ለሁለት አይከፈልም። ሦስት ቅዳሜ ሄደ። ትክክለኛውን ስናገኝ ደግሞ የጋቢናውን ወለል ቆርጦ ለሁለተኛው ማርሽ እንጨት ቀዳዳ ማውጣት መጣ። እዚህ ላይ ተጣላን ማለት ይቻላል። ወለሉ ዝገት አልነካውም። 40 ዓመት ሳይነካ የቆየን ብረት በመጋዝ? ጓደኛዬ "ሙዚየም አልገዛሁም" አለ።

ማታ ደሴ ጋራዥ ለነበረው አጎቴ ደወልኩ። ጋሼ ዕድሜውን ሁሉ አሮጌ መኪና ሲያድን የኖረ ነው። ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቸርኬ፣ እነዚህን ጣሊያን ጥሎብን የሄዳቸውን ቃላት የተማርኩት ከእሱ ነው። ሁሉንም አስረዳሁት፣ ቁጥሩንም ጭምር። ዝም ብሎ ሰማኝና፣

"እና ስንት ኩንታል ይጭናል?" አለኝ።

"ምንም አይጭንም ጋሼ። ለመዝናናት ነው።"

"መንገድ የለም እንዴ እዚያ?"

"አለ። መንገድ የሌለበትን ፈልገን ነው የምንሄደው።"

ሳቀ፣ ግን ደስ ብሎት አልነበረም። ሊማሊሞን ጭነት ይዞ በአንደኛ ማርሽ የወረደባቸውን ቀኖች ያውቃቸዋል፤ ፍሬን ቢከዳው የሚጠብቀው ገደል ነበር። ለእሱ ዝግታ የነፍስ ጉዳይ ነበር። እኔ ዝግታን በዶላር እየገዛሁ ነው። ይህን እንዴት እንደምመልስለት ዛሬም አላውቅም። "ወለሉን ግን ቁረጡት" አለኝ በመጨረሻ፣ "ጠርዙን በደንብ ሞርዱት፣ ቀለም ቀቡት፣ እንዳይዝግ።"

ተራራውም የራሱን ሒሳብ ይዞ ነው የሚጠብቀው። በ2009 የካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ሸለቆ የውሃ ጥራት ቦርድ፣ ሩቢኮን ላይ ደለል፣ የመኪና ዘይትና የሰው ዓይነ ምድር ወደ ወንዝ እየገባ ነው ብሎ ካውንቲውንና የደን አገልግሎቱን እንዲያጸዱ አዘዘ። መንገዱ ይዘጋል የሚል ፍርሃት ነበር። የመንገዱ ወዳጆችም አካፋ ይዘው ወጥተው የውሃ መውረጃ ሠሩ። ዛሬ እዚያ የሚሄድ ሰው የፈሰሰ ዘይት መምጠጫ መያዝ አለበት። ትክክል ነው እላለሁ፣ ምንም እንኳ ከኛ መኪና በላይ የሚያንጠባጥብ ባላይም።

ባለፈው እሑድ ሞተሩን አስነሣነው። ሁለቱንም ትራንስፈር ከባዱ ላይ፣ ካምቢዮውን አንደኛ ላይ አደረገና ጓደኛዬ ፍሪሲዮኑን ለቆ ከጋቢናው ወረደ። መኪናው ያለ ሹፌር በግቢው መግቢያ ላይ መሄድ ጀመረ። እሱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል፣ እጃችንን በሩ ላይ አድርገን አጀብነው። ጎረቤታችን ከነውሻዋ ቆማ አየችን። በር ላይ ሲደርስ ዘሎ ገብቶ አጠፋው።

ከሥሩ ካርቶን አስገባን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስናወጣው በሁለቱ ሣጥኖች መጋጠሚያ ልክ የሳንቲም ስፋት ያለው የዘይት ጠብታ ነበረበት። ቅዳሜ እንደገና እንፈታዋለን።