ስለ ሰዓት ቍጥርና ስለ ከተማችን የአደባባይ ሰዓት

ኢዮቤልዩ ራሱ የቍጥር በዓል ነውና በዚህ መጽሐፍ ስለ ሰዓት ጥቂት መናገር ይገባል። የደብራችን የቅዱስ ራጉኤል በዓል በመስከረም 1 ቀን፥ በርእሰ ዐውደ ዓመት ይውላል፤ ስሙም በመጽሐፈ ሄኖክ ከብርሃናት ጋር ይነሣል። እንግዲህ የዚህ ደብር ልጆች ስለ ጊዜ ቢጠይቁ የሚጠይቁት የቤታቸውን ነገር ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ፥ አብዛኛው ሕዝብ ሰዓቱን የሚያውቀው በፀሐይና በደወል ነበር። ሊቃውንቱ ደልዳላ ስፍራ ቆመው ጥላቸውን በጫማቸው ይለኩ ነበር፤ ቍጥሩም በየወሩ ይለያያል። በሚያዝያና በነሐሴ ፀሐይ በአናታችን ቀጥ ብላ ስታልፍ የቀትር ጥላ ከእግር ሥር ይጠፋል። በሌሊት ከዋክብትና ዶሮ ምስክሮች ነበሩ። ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት፥ ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት፥ በዚህ ተጠብቀው ኖሩ።

ዳሩ ግን ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ደቂቃም መቍጠር ግድ ሆነ፤ ባቡር ደመና እስኪገለጥ አይጠብቅምና። በ1950ዎቹ ዓመታትም ኢጣሊያዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ በነደፈው የማዘጋጃ ቤት ማማ ላይ ሰዓት ተተከለ። ማዘጋጃ ቤቱ በቸርችል ጎዳና ራስ ላይ ሆኖ ቍልቍል ወደ ለገሃር ይመለከታል። የእጅ ሰዓት ያለውም የሌለውም፥ ጌታውም ተሸካሚውም፥ አንድ ሰዓት ያነቡ ዘንድ ተሠራ፤ ደወል ለአጥቢያ የሚያደርገውን እርሱ ለከተማ ያደርጋል።

በእንግሊዝ አገር በሳልዝበሪ ካቴድራል፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1386 ገደማ እንደ ተሠራ የሚነገርለት ሰዓት አለ። ገጽ የለውም፤ ሰዓቱን በደወል ብቻ ይናገራል። በ1884 በሌላ ተተክቶ ተረሳ፤ በ1928 በማማው ውስጥ ተገኘ፤ በ1956 ታድሶ እንደ ገና ሠራ። የተረሳ ሁሉ የጠፋ አይደለም፤ ነገር ግን ፈላጊ ይሻል።

በአገራችንም የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 209/1992 ወጥቷል፤ አዋጅ ግን ሰዓት አይሞላም። የሚሞላው፥ የሚጠርገውና የሚያስተካክለው ሰው ነው። የቆመ የአደባባይ ሰዓት ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ መንገደኛውን ያስታልና። ደግሞም ከብረቱ ጋር ቍጥሩ ይጠበቅ። እኛ ቀትርን 6 ሰዓት እንላለን፥ ባዕድ 12 ይላል፤ ስለዚህ በአንዱ ገጽ ላይ የሰዓቱ ጠቋሚ ፊትና ኋላ ሆኖ ይቆማል። አዳሹ ይህን ካላወቀ ብረቱን አድኖ ልማዱን ያጠፋል።

የእኛም ዕዳ እንዲሁ ነው። ደወሉ ቢኖር ደዋዩ ካልተተካ፥ ጥላው ቢኖር ለካዩ መምህር ሳያስተምር ካለፈ፥ የቀረን ዕቃው ብቻ ነው። ስለዚህ አረጋውያን ሳሉ ዲያቆናት የጥላውን ልክ በየወሩ ይማሩ፥ ይጻፉትም። ከዚህ የበለጠ የኢዮቤልዩ መታሰቢያ አይገኝምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።